የረቡዕ ቡጢ

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ዳኛ ነበርኩ። ቀልዴን አይደለም። አሶሳ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አባቴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ከፊተኛው አግዳሚ አጠገብ አንዲት የተደፋች የቢራ ሳጥን ነበረች። እሷ ላይ ቆሜ ስፈርድ አርባ ጎልማሳ "ሕግ ነው!" ብሎ ይቀበለኝ ነበር። ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ነርስ ነኝ፤ "አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ይግባ" ብል እንኳ የሚሰማኝ የለም። በሕይወቴ በጣም የተከበርኩት ያኔ ነው። ያንን ክብር የሰጠኝ ሰው ምን እንዳደረገበት ለመረዳት ግን አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

የምፈርደው በቡጢ ነበር። አባቴ ኪዳኔ "ዝረራ" የምንለው አንድ ሲዲ ነበረው። ስድሳ ምናምን የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች አንዱ ሌላውን ሲዘርር ያሳያል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ሽፋኑ ስለተላጠ የአንዳቸውም ስም አይነበብም፤ ሲዲው ውስጥ የሚለፈልፈውን ፈረንጅ የሚሰማ ሰውም አልነበረም። ስለዚህ ስም አወጣንላቸው፦ ራሰ በራው፣ ዶዘሩ፣ ባለወርቅ ጥርሱ፣ ደግሞ ሁልጊዜ የሚወድቀው "ምስኪኑ"። እሁድ ከሰዓት የካራቴው ፊልም ሲያልቅ ማንም ከአግዳሚው አይነሳም። ዝረራ ይገባና ክርክሩ ይጀመራል። የማን ቡጢ ይበልጣል?

ክርክሩ ታዲያ ተራ ጩኸት እንዳይመስላችሁ። አባቴና ጓደኞቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በአንቶኖቭ ተጭነው አሶሳ አጠገብ የሰፈራ አምባ ላይ የወረዱ ናቸው። ከብቱም፣ ቤቱም፣ መሬቱም ቀርቷል። ተሸክመውት የመጡት ነገር ቢኖር ሙግት ነው። አያቶቻቸው ስለ ድንበርና ስለ በቅሎ የተሟገቱበትን ወግ እነሱ ለዶዘሩ ግራ እጅ አዋሉት። አንዱ ይነሳና ጃኬቱን በትከሻው ጣል አድርጎ "ተጠየቅ!" ይላል። ሌላው "ልጠየቅ!" ብሎ ይነሳል። ዋስ ይጠራል። መወራረጃው ማንጎ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አሥር፣ ነገር ሲከር ሃያ። አባቴ ሲሟገት ድምፁ ራሱ ይቀየር ነበር፦

"በላ ልበልሃ!
ዛፍ በመጥረቢያ እንጂ አይወድቅም በወሬ፣
ራሰ በራው እኮ ነው የጣለው ያን በሬ!"

ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ይናጋል። ፊት ለፊቱ የሚቆመው ሁልጊዜ ጋሽ አብዱልረሂም ነው። የሆሞሻ ሰው ነው፣ ብሔሩ በርታ፣ በአህያ ጋሪ ማንጎ የሚያመላልስ ግዙፍ ሰው። ግጥም አይችልም።

"እኔ ግጥም የለኝም" ይላል። "ዓይን አለኝ። ይሄ በቀኝ ሲመታ ሰውዬው ወደ ኋላ ይሄዳል። ዶዘር በግራ ሲመታ ሰውዬው እግር ይጠፋል። ኻላስ!" ከዚያ ወደኔ ይዞራል። "አንተ ዳኛ፣ ጥሩ አይተህ ፍረድ።"

አንተ ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዳኛ ሴት ነው ወንድ ማን ይጠይቃል?

ዳኝነቱን የሰጠኝ አባቴ ነው። መጀመሪያ ላይ ማን ይፍረድ በሚለው ይጣሉ ነበር፤ ሁሉም የሚደግፈው ቦክሰኛ አለው። አባቴ አንድ ቀን ብብቴን ይዞ ሳጥኗ ላይ አቆመኝና "ልጅ ወገን የለውም፤ ልጅ አይገዛም። ከዛሬ ጀምሮ እየሩስ ትፈርዳለች፤ ይግባኝ የለም" አለ። በየማታው እራት ላይ ያስተምረኛል። "ቡጢውን ተዪው፣ ቡጢውን ማንም ያየዋል። አንቺ የሚወድቀውን እዪ። እጁን ዘርግቶ መሬቱን ከተቀበለ አልተዘረረም፤ ወይ ደክሞታል ወይ ፈርቷል። እውነተኛ ዝረራ እጅ አያዘረጋም።" ይሄን እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ዛሬም አልጠፋኝም።

ሲዲው ውስጥ ያሉትን ሁሉ ብትደምሯቸው ግን ለኔ ዳበሳን አያክሉም። ዳበሳ የባምባሲ ልጅ ነው፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ። እህል ተራ ጆንያ ይጭናል፣ ሲመሽ እኛ ግቢ ይመጣል። ጓሮ ያለው የማንጎ ዛፍ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ሰቅለን ነበር፤ እሱን ሲደበድብ ቀንበጡ ሁሉ ይራገፋል። አባቴ በደርግ ጊዜ በጦር ሠራዊቱ ቡድን ቦክስ ተጫውቷል፤ ዳበሳን ያሠለጠነው እሱ ነው። ልምምዱ ሲያልቅ ደግሞ የኔ ተራ ነው። ዳበሳ ቁጢጥ ብሎ አገጩን ያቀርብልኛል። እመታዋለሁ። በጉልበቱ ይብረከረካል፣ ከዚያ በጎኑ ይጋደማል፣ እጆቹ ከጎኑ ተለጥፈው፣ ልክ ሲዲው ላይ እንዳለው ምስኪን። አቧራው ይቦናል። ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። አንዱ ዓይኑ ቀስ ብሎ ይገለጥና "ዳኛዬ፣ ገደልሽኝ እኮ!" ይላል። እወደው ነበር። ከአባቴ ቀጥሎ ማለት አለብኝ፣ ግን እንጃ።

ዓመቱ ሚሊኒየሙ፣ ሁለት ሺህ ነበር። ክልሉ አዲስ አበባ ለሚደረግ ውድድር ቦክሰኞች ሊመርጥ ነው ተባለ፤ የአሸናፊው አሠልጣኝም አብሮ ይሄዳል። በከባድ ሚዛን የተመዘገቡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዳበሳና አንድ ከሌላ ወረዳ የመጣ ቀጭን ሰው። ሰውየው "ሚዛን እንዲሞላለት ሁለት ጄሪካን ውሃ ጠጥቶ ነው የተመዘነው" እየተባለ ይቀለድበት ነበር። አባቴ ገና ሳይመረጥ አረንጓዴ ቱታ ገዝቶ ለበሰ። ቱታውን ለብሶ ገበያ መሐል ሲያልፍ ሰው "አሠልጣኝ!" ይለዋል፤ እሱም እጁን ያነሳል። ከሰፈራ የመጣ ሰው ስሙ በማይክሮፎን ሲጠራ ምን እንደሚሰማው ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ፤ ግን ይቅር አልለውም።

ከውድድሩ በፊት በነበረው እሁድ ሙግቱ ሃያ ማንጎ ደረሰ። የራሰ በራው ቀኝ ወይስ የዶዘሩ ግራ? ሲዲውን አራት ጊዜ መለስነው። ፍርድ ግን አቃተኝ፤ ዶዘሩ ሲመታ ካሜራው ከጀርባው ስለነበር ቡጢው ሲያርፍ አይታይም። ሳጥኔ ላይ ቆሜ "ለሚቀጥለው እሁድ ቀጥሬያለሁ" አልኩ። ቤቱ ፈነዳ። "ዳኛ ማለት እንዲህ ነው!" አሉ። ጋሽ አብዱልረሂም እስኪያስነባው ሳቀ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ጓሮ ዳበሳን አቁሞት አገኘሁ። እናቴ ብርሃነሽ ገበያ በርበሬ ልትሸጥ ሄዳለች፤ ከሦስታችን በቀር ማንም የለም።

"ነይ" አለኝ አባቴ ጓንቱን እያጠለቀ። "ዳኛ ያላየውን አይፈርድም። ላሳይሽ።"

ዳበሳ እጁን ወደ ታች ለቆ ቆመ፤ ጭንቅላቱ ላይ መከላከያ የለም። ጠቀሰኝ። አባቴ መጀመሪያ የራሰ በራውን ቀኝ ቀስ ብሎ ወርውሮ ጉንጩ ዳር አቆመው። "ይኼ አንድ" አለ። "የዶዘሩ ደግሞ ከታች ነው የሚነሳው፣ ከወገብ። እዪኝ።" እንዴት እንደጋለ አላውቅም፤ የጦር ሠራዊቱ ቡድን ትዝ ብሎት ይሆናል። የበሰለ ማንጎ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ዳበሳ በጉልበቱ ተብረከረከ፣ ከዚያ በጎኑ ተጋደመ፣ እጆቹ ከጎኑ እንደተለጠፉ።

አጨበጨብኩ። በአንዴ ሁለት ነገር ገባኝ፦ የዶዘሩ ግራ እንደሚበልጥ፣ ደግሞ ዳበሳ ለአባቴም እንደኔው እየወደቀለት እንደሆነ። ትንፋሼን ይዤ ዓይኑ እስኪገለጥ ጠበቅኩ። ብዙ ጠበቅኩ። አባቴ በጆግ ውሃ አፈሰሰበት፤ ደገመው።

"ደክሞት ነው" አለኝ። "ጆንያ ሲጭን ውሎ ነው የመጣው።"

ዳበሳ በመጨረሻ ተነሥቶ ተቀመጠና አስመለሰው። አባቴ "ማንጎ ሲበላ ልክ አያውቅም" አለ። እኔም ሳቅሁ። ዳበሳ እኔን እያየ "ኢልሊ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?" አለ። ኢልሊ እህቱ ናት።

"እኔ ኢልሊ አይደለሁም!" አልኩ። "ረቡዕ ነው።"

"እሺ። ዛሬ ምን ቀን ነው?"

አራት ጊዜ ጠየቀኝ። በአራተኛው ለጨዋታ ብዬ "እሁድ" አልኩት። "እሺ" አለ። አዲስ ጨዋታ ያመጣልኝ መስሎኝ እየዘለልኩ "አሁንም ጠይቀኝ! አሁንም ጠይቀኝ!" አልኩ።

አባቴ ከፊቴ ተንበርክኮ ትከሻዬን ያዘ። "ስሚ። ይሄ ቡጢ ሚስጥራችን ነው። ያኛዎቹ ከሰሙ መከላከያውን ይማሩታል። ለማንም አትናገሪም። ለእናትሽም ቢሆን።" ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ዳኛ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ሚስጥር ጠባቂ ሆንኩ።

ሐሙስና ዓርብ ዳበሳ ሥራ አልሄደም። ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ማንጎው ሥር ይቀመጣል። "ዳኛዬ፣ ይችን ፀሐይ አጥፊልኝ" ሲለኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ዓርብ ኢልሊ ከባምባሲ መጣች፤ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ከአባቴ ጋር አጥር ሥር ዝቅ ባለ ድምፅ ያወሩትን ቁርጥራጩን ሰማሁ። "ራሱን ... እንቅልፍ ብቻ ... ሐኪም ቢያየው?" ትላለች። አባቴ ደግሞ "ፍርሃት ነው እህቴ፣ የመጀመሪያ ውድድር ላይ ማን ራሱን ያላመመው አለ? እኔን ራሴን አሞኝ ነበር" ይላል። ዳበሳ ሊፈራ? በልቤ ተናደድኩባት። ወንድሟን አታውቀውም አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጢም ብሏል። የቀርከሃ ምሰሶ ተተክሎ፣ የጭነት መኪና ገመድ ዙሪያውን ተወጥሮ ሪንግ ሆኗል። አባቴ በአረንጓዴ ቱታው ማዕዘኑ ላይ ቆሟል፤ እኔ ከእግሩ ሥር ነኝ። ደወሉ ተመታ። ዳበሳ ወጣና ወደ ሰማይ አየ፣ ፀሐይዋን የሚፈልጋት ይመስል። እጁን አላነሳም። ቀጭኑ ሰው ፈራ ተባ እያለ ቀረበና በግራ ጓንቱ ግንባሩን ነካው። ነካው ነው የምላችሁ፤ እኔ በር ሳንኳኳ ከዚያ የበለጠ እመታለሁ።

ዳበሳ በጉልበቱ ተብረከረከ። ከዚያ በጎኑ ተጋደመ። እጆቹ ከጎኑ አልተነሱም።

ትንፋሼን ይዤ አንዱ ዓይኑ እስኪገለጥ ጠበቅኩ።

ቀጭኑ ሰውዬ ራሱ ደንግጦ ጓንቱን እያየ ነው። ከኋላ አንድ ሰው "ገንዘብ በልቶ ነው! ተሸጠ!" አለ። ሌላው ተቀበለው። "ተሸጠ! ተሸጠ!" ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ገመዱን ሾልኮ ገብቶ የዳበሳን ዓይን በጣቱ ገለጠና ቀና ብሎ አባቴን ጠየቀው። "በዚህ ሳምንት ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር?"

አባቴን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ከዚያ በአንድ ጊዜ ያ የሙግት ድምፁ መጣ። ብድግ አድርጎ ገመዱ ላይ አቆመኝ፤ በአንድ እጁ ወገቤን ይዞኛል።

"ሕዝብ ሆይ!" አለ። "እኔ አሠልጣኙ ነኝ፣ ወገን ነኝ። እኔን አትመኑ። ዳኛዋ ትጠየቅ!"

ገሚሱ የቪዲዮ ቤታችን ደንበኛ ነው። "ትጠየቅ!" ብሎ ጮኸ።

"ተጠየቂ!"

"ልጠየቅ!" አልኩ። ኩራቴን ብታዩት! ዳኛ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ምስክር ነው። ያን ቀን ከዳኝነቴ መውረዴን አላስተዋልኩም።

"ይሄ ሰው ለአንቺ በጨዋታ ይወድቅልሻል?"

"አዎ።"

"ለጨዋታ ሲወድቅ እንዴት ነው የሚወድቀው?"

ዳበሳን አየሁት። ጉልበቱ እንደታጠፈ፣ በጎኑ፣ እጆቹ ተለጥፈው። ዳኛ እውነት ነው የሚናገረው።

"እንደዚሁ" አልኩ።

"ልክ እንደዚሁ?"

"ልክ እንደዚሁ።"

"ፍርድ ተሰጥቷል!" አለ አባቴ።

ሜዳው ተገለበጠ። ማንጎ የሚበሉት ፍሬውን ይወረውሩበት ጀመር። እኔ ገና ያልጨረስኩት ነገር ነበረኝ። "አባዬ፣ ግን እጁን አልዘረጋም" አልኩት ጆሮው ሥር። ቶሎ አወረደኝ። የሕዝቡ ጩኸት ድምፄን ዋጠው፤ ማለቴ ለራሴ እንደዚያ እያልኩ ነው የኖርኩት። አፌና ጆሮው መሐል ግን አንድ ስንዝር አልነበረም።

ጋሽ አብዱልረሂም ሕዝቡን በክንዱ እየገፋ ገባ። "ሰውዬው አልዋሸም፣ ወላሂ! ዓይኑ እዩ! ዓይኑ ውስጥ ሰው የለም! ኪዳኔ፣ አንተ ታውቃለህ፣ እየው!" አባቴ ጀርባውን ሰጠው። ጋሽ አብዱልረሂምና ኢልሊ ዳበሳን ተሸክመው በማንጎው ጋሪ ላይ አስተኝተው ሲወስዱት ተከትያቸው ልሮጥ አልኩ፤ አባቴ እጄን ይዞ አስቀረኝ። ኢልሊ ዞር ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት ስድብ መስሎኝ ምላሴን አወጣሁባት።

በማግስቱ እሁድ ቀጠሮዬ ነበር። "የዶዘሩ ግራ ይበልጣል" ብዬ ፈረድኩ። ሃያው ማንጎ ለጋሽ አብዱልረሂም ይገባዋል፤ እሱ ግን አልመጣም። ዳግመኛም ያንን ቤት አልረገጠም። መሸነፍ የማይወድ ሰው መሰለኝ፤ ያሸነፈው እሱ መሆኑን እንኳ ረሳሁት። ዳበሳ "አፍሮ ባምባሲ ገባ" ተባለ። የሰፈር ልጆች "ዳበሳ ተሸጠ፣ በማንጎ ተለወጠ" የሚል ዘፈን አወጡ። ዘፍኛለሁ። ገመድ እየዘለልኩ ከማንም በላይ ጮክ ብዬ ዘፍኛለሁ፤ የተከዳሁት እኔ ነበርኩና። ዳኛውን የሚያታልል ጓደኛ ምን ጓደኛ ነው?

ይሄን ሁሉ ዓመት በልቤ ዳበሳ ከዳኝ እያልኩ ኖርኩ።

ባለፈው ግንቦት በሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ጎረምሳ በቃሬዛ መጣ። ኳስ ሲጫወት አንድ ልጅ በክርኑ ነካው፣ እንዲሁ ወደቀ አሉ። እናትየው "ነካው ብቻ! እኔ ራሴ አይቻለሁ፣ ነካው ብቻ!" እያለች ታለቅሳለች። ሐኪሙ የልጁን ዓይን ገልጦ አየና ቀና ብሎ ጠየቃት። "በዚህ ሳምንት ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር?"

ብዕሬ ቆመ።

"ከሞተር ወድቆ ነበር" አለች እናትየው። "ግን ተነሥቶ ሄዷል።"

"አስመልሶት ነበር? ጥያቄ ይደጋግም ነበር? ብርሃን ያስቸግረው ነበር?"

እናትየው ከመመለሷ በፊት እኔ መልሱን አውቀው ነበር። ረቡዕ ነው። ረቡዕ ነው። ረቡዕ ነው። እሁድ ነው። ሐኪሙ በኋላ አስረዳን፤ የመጀመሪያው ምት አንጎሉን ያቆስለዋል፣ ቁስሉ ሳይድን ሁለተኛው ሲመጣ ላባ የሚያህል ቢሆን ይበቃዋል። ሌሎቹ ነርሶች ጻፉ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

አባቴ ቪዲዮ ቤቱን ኳስ ማሳያ አድርጎታል። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ አግዳሚዎቹን ሲወለውል አገኘሁት። ሳጥኗ አሁንም አለች፤ ሪሲቨር ተቀምጦባታል።

"አባዬ፣ የዳበሳ ነገር። ረቡዕ ዕለት ..."

"ማን ነገረሽ?" አለ።

ማን ነገረሽ! ሦስት ሰው ነበርን እኮ፤ አንዷ እኔ ነኝ።

ጨርቁን አስቀምጦ ተቀመጠ። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ሰባ መሰለኝ። "ሐኪም ቢያየው ይከለክሉት ነበር" አለ። "የአዲስ አበባው ጉዞ ያመልጠናል ብዬ ነው። ደህና መስሎኝ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ደህና መስሎኝ ነበር።"

"እሺ ረቡዕን ተወው። ቅዳሜስ? ለምን እኔን?"

ጨርቁን አራት አድርጎ አጠፈው።

"ያቺን ጥያቄ መርጠህ ነው የጠየቅከኝ?"

"አባቴ 'ሞጋች መልሱን በጉያው ይዞ ይነሳል' ይል ነበር" አለ መሬት መሬት እያየ። "ያ ነጭ ጋውን የለበሰው ሰው እያየኝ ነበር እየሩስዬ። ቢሞት በኔ ነበር። ሰዉ ደግሞ አንቺን ያምናል።" ቀጥሎም "ልጅ ነበርሽ። ልጅ ይረሳል ብዬ ነው" አለ።

እጁን ወደኔ ዘረጋ። አልያዝኩትም። አባቴን እወደዋለሁ፤ ይሄን መካድ አልችልም። ግን ያን ቀን ወገቤን የያዘበት ቦታ አሁንም ያቃጥለኛል። ለምስክርነት ያሳደገኝ ይመስለኛል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጥን ላይ እያቆመ፣ አንድ ቀን እስክጠቅመው። ይህንንም ነገርኩት። "አብረን ባምባሲ እንሂድ፣ አንተው ንገረው" አልኩት። ጨርቁን አንስቶ የወለወለውን አግዳሚ መልሶ መወልወል ጀመረ።

ብቻዬን ሄድኩ። ኢልሊ መንገድ ዳር ለውዝ ትሸጣለች። ስሜን ስነግራት ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ዳኛዋ?" አለች።

"አዎ።"

"ወር ሙሉ አልተናገረም። ሲናገር ደግሞ መጀመሪያ የጠራው አንቺን ነው።" ከዚያ በላይ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ አብዱልረሂም በየዓመቱ ማንጎ በደረሰ ቁጥር አንድ ጋሪ ያመጣላቸው እንደነበረ ነገረችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ሆሞሻ ውስጥ ሲሞት ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም።

ዳበሳ ከጓሮ ጥላ ሥር ለውዝ እየፈለፈለ ነበር። ወፍሯል፤ ፀጉሩ ሸሽቷል፤ ኮፍያው ዓይኑ ላይ ተደፍቷል። ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ በራ።

"ዳኛዬ! አደግሽ!"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማን ነው የገዛኝ?"

"ምን?"

"ቦክሱን ሸጥክ አሉኝ። እኔ አላስታውስም። ኢልሊ አልሸጥክም ትላለች፣ እህት ስለሆነች ነው። ዳኛዋ ፈርዳለች። እሷ ደግሞ አትዋሽም። ግን ገንዘቡን የት አደረስኩት? ፍራሹን ቀድጄ አየሁ። ቤቱ ውስጥ መሬቱን ቆፈርኩ።"

ኢልሊን አየኋት። በአገጯ ወደ ቤቱ ውስጥ አመለከተችኝ። ወለሉ እዚህም እዚያም ተቆፍሮ ተደፍኗል፤ አንዳንዱ አፈር አዲስ ነው።

ጥግ ላይ የለስላሳ ሳጥን ነበር። አምጥቼ ደፋሁትና ላዩ ላይ ወጣሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ፣ የሆስፒታል መታወቂያዬ አንገቴ ላይ። ከረቡዕ ጀምሬ ነገርኩት። ጓንቱን፣ የዶዘሩን ግራ፣ ውሃውን፣ አራት ጊዜ የጠየቀኝን። ስለ ቡጢ ከፈረድኩት ሁሉ የሳትኩት አንድ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። እጁን እንዳልዘረጋ፣ እኔም እንዳየሁ፣ እንዳልጨረስኩት ነገርኩት። "ዳበሳ ቦክሱን አልሸጠም። እሱን የሸጥነው አባቴና እኔ ነን። ይግባኝ የለም" አልኩ።

ዳበሳ አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ። እንባው በጉንጩ ወረደ። "ሕግ ነው" አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ያው የድሮ ሳቁን። "አልሸጥኩም! ኢልሊ፣ ሰማሽ? አልሸጥኩም!" ኢልሊ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን አዞረች። ለውዝ ቆልታ ሰጠችን፤ ስለ ማንጎው ዛፍና ስለ ምስኪኑ አውርተን ሳቅን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

ልሄድ ስነሳ እሱም ተነሳ። ፊቴ ቁጢጥ አለና አገጩን አቀረበልኝ።

"በይ" አለ።

ቡጢዬን ጨብጬ አገጩን ነካሁት። ጉልበቱ ሊብረከረክ ጀመረ። ትንፋሼን ያዝኩ። መሐል ላይ ቆመ፤ በሁለት እጁ መሬቱን ተደገፈና ቀጥ ብሎ ተነሣ። ወደ አጥሩ፣ ወደ መንገዱ አየ።

"አይ" አለ በሹክሹክታ። "አልወድቅም። ሸጠ ይላሉ።"

ከዚያ ወደኔ ጠጋ አለ። "ዳኛዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማን ነው የገዛኝ?"

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ሳጥኑን ጎትቼ ወጣሁና እንደገና ከረቡዕ ጀመርኩለት።